ቃሪያዋ ቤት ስትቀይር፦ ችግኝን ከእርጎ ኩባያ ወደ ትልቅ ጀሪካን የማዛወር ዝርዝር መመሪያ

አምና ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን አናቱን ቆረጥኩና አፈር ሞላሁት። መሀሉ ላይ የጣት ርዝመት ያላት አንዲት የቃሪያ ችግኝ ተከልኩ። «ሰፊ ቤት አገኘች፤ እንደ ልቧ ትዘርጋ» አልኩ። በ3ኛው ሳምንት ቅጠሏ ቢጫ መሆን ጀመረ። የጠማት መስሎኝ ውሃ ጨመርኩላት። በ5ኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ነቀልኳት። ሥሯ ቡናማ ሆኗል። በጣት ሲነኩት ይላጣል። ሽታው ሳይቀየር የከረመ የአበባ ውሃ ነው።

በዚያው ቀን የዘራኋቸው 3 እህቶቿ ግን በረንዳው ጥግ፣ በእርጎ ኩባያ ውስጥ ተጣበው ተቀምጠዋል። አስቤበት አይደለም፤ ጀሪካን አልቆብኝ ነው። እነሱ አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ ምንም ያልነካቸው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ትልቁን ቤት የሰጠኋት ችግኝ ሞተች፤ የጠበባቸው ተረፉ።

ይህን የምጽፈው በኮንዶሚኒየም በረንዳ ወይም በግቢ ጥግ ላይ ቃሪያ ለሚሞክር ሰው ነው። ሚጥሚጣና ማረቆ ፋና የተባለው የበርበሬ ዝርያም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ቲማቲም አንድ ቦታ ላይ ይለያል፤ እዚያ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ለምን በአንዴ ወደ ትልቁ አይገባም?

ችግኝ የምትጠጣው ሥሯ የደረሰበትን ውሃ ብቻ ነው። የጣት ርዝመት ያላት ቃሪያ ሥሯ የሚይዘው ቦታ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። 20 ሊትር አፈር ውስጥ ስትተክሏት የቀረው አፈር ሁሉ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። የሚጠጣው የለም። ውሃ የሞላበት አፈር ደግሞ አየር የለውም። ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል፤ አየር ካጣ ይታፈንና ይበሰብሳል። ከላይ ስታዩት የጠማው ይመስላል፤ ምክንያቱም የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። እኔም ልክ እንደዚያ ተሸወድኩ። በሰመጠ ሰው ላይ ውሃ ጨመርኩ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቃሪያ ደግሞ የዘር ሐረጉ ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሙቀት የለመደ ተክል ነው። ብዙ እርጥብ አፈር ቶሎ አይሞቅም። ችግኟ ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ እግሯን ዘፍዝፋ ታድራለች።

ስለዚህ ቤት የምትቀይረው 2 ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከእርጎ ኩባያ (ከ150 እስከ 200 ሚሊ ሊትር) ወደ 1 ወይም 1 ተኩል ሊትር። ከዚያ ወደ መጨረሻው ቤቷ፦ ለቃሪያና ለማረቆ ፋና ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ ለሚጥሚጣ ከ7 እስከ 10፣ ለቲማቲም 20 ሊትር ይሁን።

ጊዜው የሚታወቀው ከሥሯ ነው

ብዙ ሰው «በስንት ቀኗ ላዛውራት?» ብሎ ይጠይቃል። ቀን አትቁጠሩ። በሞቀ ቤት 4 ሳምንት የሚፈጅባት በቀዘቀዘ ቤት 7 ሳምንት ሊፈጅባት ይችላል።

መጀመሪያ ቅጠሏን ተመልከቱ። ከዘሩ ብቅ ስትል የሚወጡት 2 ቅጠሎች ለስላሳ፣ ረዘም ያሉና ጠባብ ናቸው። እነሱ ስንቅ ናቸው፤ አይቆጠሩም። ከእነሱ በላይ የሚወጡት እውነተኛውን የቃሪያ ቅጠል ይመስላሉ። እነዚህ 4 ሲሆኑ ኩባያውን አንሱና ከሥር ተመልከቱ። በቀዳዳው ነጭ ሥር ብቅ ካለ ጊዜው ደርሷል። ምንም ካልታየ ሳምንት ጠብቁ።

ሌላው ምልክት ጥማት ነው። ድሮ ውሃ ለ3 ቀን ይበቃት ነበር። አሁን ጠዋት ጠጥታ ማታ ኩባያው ክብደት ካጣ፣ ሥሩ አፈሩን ሞልቶታል።

ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ አንድ የምወደው ዘዴ አለኝ። ለመካከለኛው ቤት የምጠቀመው ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። (የታሸገ ውሃ ሁሉ በእኛ ሰፈር ሃይላንድ ነው፤ ስሙ ላይ አትጨቃጨቁኝ።) ከትከሻው ላይ ቆርጬ በጋዜጣ እጠቀልለዋለሁ። ሥር ብርሃን አይወድም፤ ያልተሸፈነ ፕላስቲክ ውስጡ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። በየሳምንቱ እሑድ ጋዜጣውን ፈታ አድርጌ አያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አፈር ብቻ ነው። በ2ኛው እንደ ነጭ ክር ቀጭን ነገር ጎኑ ላይ ይታያል። በ4ኛው ክሩ መረብ ይሆናል፣ ታች ደርሶ መዞር ይጀምራል። መዞር ሲጀምር ወደ ትልቁ ጀሪካን ትገባለች። ነቅሎ መፈተሽ የለ፣ መገመት የለ።

ዙሪያውን እየዞረ የተጠመጠመ ሥር ከቆየ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ትልቅ ቤት ብትሰጡትም እዚያው ይሽከረከራል። ስለዚህ በጣም መቸኮልም በጣም መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። ከሁለቱ ግን መዘግየት ይሻላል፤ የዘገየችውን መርዳት ይቻላል፣ የበሰበሰችውን አይቻልም።

ስለ ወቅቱ በአጭሩ፦ እኔ ጥር መጨረሻ ላይ እዘራለሁ። የመጀመሪያው ዝውውር መጋቢት ላይ፣ ሁለተኛው ሚያዝያ ላይ ይውላል። እንዲህ ሲሆን ክረምቱ ሳይከብድ ተክሉ ይጠነክራል። ዘሩን ከቀላ ቃሪያ አውጡ። ከአረንጓዴው የወጣ ዘር ያልበሰለ ስለሆነ አብዛኛው አይበቅልም።

መያዣው

ውድ ቫዞ አያስፈልግም። ምግብ የነበረበት ማንኛውም ፕላስቲክ ይሆናል። የዘይት ጀሪካን ከሆነ በላርጎና በሙቅ ውሃ 2 ጊዜ እጠቡት። የሞተር ዘይት፣ የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ዕቃ ግን አትጠቀሙ፤ ቃሪያውን ትበሉታላችሁ።

ዋናው ቀዳዳው ነው። ለሃይላንዱ ከሥሩ 5 ወይም 6 ቀዳዳ ይበቃል። ለጀሪካኑ ከ8 እስከ 10፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው ይሁን። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙ ሳይጠፋ ወፍራም ሚስማር በፒንሳ ይዛችሁ አግሉና ብሱት። ጭሱ መጥፎ ነው፤ ደጅ ላይ አድርጉት። ቀዳዳውን ከሥር ብቻ አትብሱ። ከመሬት 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጎኑ ላይም 4 ቀዳዳ ጨምሩ። ጀሪካኑ ሴራሚክ ወለል ላይ ልጥፍ ብሎ ሲቀመጥ የታችኛው ቀዳዳ ይደፈናል። ከሥሩ 2 የእንጨት ቁራጭ ማስገባትም ይረዳል።

በረንዳ ላይ ከሆናችሁ ሰሃን ከሥር ያስፈልጋል። ይህን የተማርኩት በእፍረት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የታችኛው ፎቅ እማማ በሬን አንኳኩ። የታጠበ ነጭ ነጠላቸውን ይዘዋል፤ መሀሉ ላይ ቡናማ ጠብታ ወርዶበታል። «ልጄ፣ ዝናብ መስሎኝ ወደ ሰማይ ባይ ፀሐይ ነው» አሉኝ። ነጠላውን እኔው አጠብኩ። የመጀመሪያዎቹ 10 ቃሪያዎችም ወደ እሳቸው ቤት ወረዱ። ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድፉት። ውሃ ላይ የተቀመጠ ጀሪካን ቀዳዳ እንደሌለው ነው።

አፈሩ

ከሰፈር የተቆፈረ አፈር ብቻውን አይሆንም። የአዲስ አበባ ዙሪያ አፈር ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ ጤፍ ያበቅላል፤ ጀሪካን ውስጥ ግን ጡብ ይሆናል። ከተገኘ ቀይ አፈር ይሻላል።

የእኔ ድብልቅ ይህ ነው፦ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ ወይም የቆየ ፍግ፣ 1 እጅ ሬድ አሽ። ሬድ አሽ የምለው መንገድ ሲሠራ የሚደለደለውን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ቀይ ድንጋይ ነው። የባቄላ ፍሬ የሚያክለውንና ከዚያ ያነሰውን ለቅማችሁ ተጠቀሙ። ካጣችሁ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ይተካዋል። የግንባታ ቦታ ላይ ሲሚንቶ የነካውን አሸዋ ግን አታምጡ፤ ሲሚንቶ የአፈሩን ጠባይ ያበላሸዋል።

ፍጉ «የቆየ» ስል ወራት ያለፈው፣ የበረት ሽታው የጠፋ፣ በእጅ ሲያሹት አፈር አፈር የሚል ማለቴ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ችግኝ ሻጮች ጋ በማዳበሪያ ተሞልቶ ይሸጣል። (አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማዳበሪያ ግዛ ተብዬ ተልኬ የሳቅኩት እዚያ ነው።) ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን አስገቡ። ውስጡ ከሞቀ ገና እየበሰለ ነው፤ ለእናንተ አልደረሰም።

ድብልቁን ለመፈተን ጥቂት ውሃ አርከፍክፉበትና በጭብጣችሁ ጨመቅ አድርጉት። እጃችሁን ስትከፍቱ ድቡልቡል ሆኖ ከቆየና በአውራ ጣት ሲነኩት ከፈረሰ ጥሩ ነው። እንደ ጭቃ ኳስ ከጸና ሬድ አሽ ይጨመርበት። ገና እጅ ሲከፈት ከተበተነ ብስባሽ ይጎድለዋል።

የቡና አተላን በተመለከተ፦ በቀጥታ ከላይ አትድፉት። ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ ሻጋታም ያወጣል፣ ውሃ አያሳልፍም። ብስባሹ ውስጥ ከሌላው ጋር አብሮ ይብሰል። አመድም ቢሆን በጣት ቆንጠር ካልሆነ አይበጅም።

አሁን አንድ ክርክር ልክፈት። ሁላችንም ከሥር ጠጠር አድርጉ ተብለን አድገናል፤ «ውሃ እንዲያሳልፍ» እየተባለ። ይህ አይሠራም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነክሩና አግድም ያዙት። ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ያቆማል። ያቆመ ሲመስላችሁ አቁማችሁ ያዙት። እንደገና ይንጠባጠባል! ስፖንጁ ረዘም ሲል ውሃው ይወርዳል፤ አጠር ሲል ከታችኛው ጫፍ ላይ ውሃ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አፈርም እንደዚሁ ነው። ጠጠሩ የአፈሩን ቁመት ያሳጥረዋል፤ የረጠበው ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይጀምርና ወደ ሥሯ ይጠጋል። ውሃ እንዲያልፍ የፈለጋችሁትን ያህል ሬድ አሽ አፈሩ ውስጥ ቀላቅሉ እንጂ ከሥር አታንጥፉ። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ ከሆነ ጭንቀታችሁ፣ አንድ የተሰበረ የሸክላ ቁራጭ ወይም የሽቦ ወንፊት ማልበስ ይበቃል።

የዝውውሩ ቀን

ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። ደመናማ ቀን ከሆነ ደግሞ እሰየው። ጠዋት የተዛወረች ችግኝ ገና ሳትረጋጋ የቀትር ፀሐይ ያገኛታል፤ ማታ የተዛወረችው ግን አንድ ሙሉ ሌሊት ታርፋለች።

ከዝውውሩ 2 ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ኩባያውን አጠጡ። ደረቅ አፈር ሲገለበጥ ይበተናል፤ ሥሩንም ይዞ ይበጠሳል። ጭቃ የሆነም ይፈርሳል። በልኩ የረጠበ አንድ ላይ ይወጣል።

አዲሱን ድብልቅም አስቀድማችሁ አርጥቡት። ጠጥቶ ይረፍ። ውሃው በፈረቃ የሚመጣባችሁ ከሆነ ጀሪካን ውስጥ ያደረው ውሃ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ቅዝቃዜው ይለቃል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ሥራውን በግማሽ ይቀንሰዋል። አዲሱን መያዣ ከሥር ትንሽ አፈር አልብሱት። ከዚያ ችግኟ ካለችበት ጋር እኩል የሆነ ባዶ ኩባያ ውስጡ አስቀምጡ። አፉ ከመያዣው አፍ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ዙሪያውን አፈር ሙሉና በጣት ጠቅ ጠቅ አድርጉ። አሁን ባዶውን ኩባያ ዞር ዞር እያደረጋችሁ አውጡት። የኩባያው ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቀራል። ችግኟ ስትገባበት እንደ ቁልፍ ትገጥማለች። ይህን ከማወቄ በፊት በአንድ እጄ ችግኝ አንጠልጥዬ፣ በሌላው አፈር እየጨመርኩ ስንት ግንድ ሰብሬያለሁ።

ችግኟን ማውጣት ላይ አትቸኩሉ። የግራ እጃችሁን መዳፍ ኩባያው አፍ ላይ ዘርጉ። ግንዷ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት መካከል ይለፍ። ሳትጨብጡ! ከዚያ ኩባያውን ገልብጡትና ጎኑን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብላችሁ አንዴ ኮርኩሙት። አፈሩ ከነሥሩ መዳፋችሁ ላይ ሸርተት ይላል። ካልወጣ አትጎትቱ፤ ኩባያውን በመቀስ ቅደዱት። የእርጎ ኩባያ ዋጋ የለውም።

መያዝ ግድ ከሆነ በቅጠሏ ያዟት። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል። ግንዷ አንድ ብቻ ነው፤ ከተጨፈለቀ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

አሁን ሥሩን እዩት። ነጭና ብሩህ ከሆነ፣ ሽታው የዝናብ አፈር ከሆነ፣ ሳትነኩት አስገቡ። ከሥር ተጠምጥሞ ቀለበት ከሠራ ታችኛውን ክፍል በጣት ፈታ ፈታ አድርጉ። በጣም ከጠነከረ 3 ቦታ ላይ በንጹሕ ቢላ ከላይ ወደ ታች ሳሳ አድርጋችሁ ጫሩት። አትፍሩ፤ ከተቆረጠበት አዲስ ሥር ይወጣል። ከአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ላይ አንድ ነገር ተምረናል ብዬ አስባለሁ፦ ጥቁሩን ፕላስቲክ ሳያወልቁ የተከሉት ችግኝ ምን እንደሚሆን። እዚህም ያው ነው። ይሟሟል የሚባል ካርቶንም ቢሆን ብትቀዱት ይሻላል።

ጥልቀቱ ላይ ቃሪያና ቲማቲም ይለያያሉ። ቃሪያ በነበረችበት ልክ ትተከል፤ ቢበዛ እስከ መጀመሪያዎቹ 2 ቅጠሎች ድረስ። ከዚያ በላይ ከቀበራችኋት፣ በተለይ አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ አንገቷ ይበሰብሳል። ቲማቲም ግን ግንዱ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ከራሱ ከግንዱ አዲስ ሥር ያወጣል። ስለዚህ የታችኛውን ቅጠል ቀንጥባችሁ ግንዱን እስከ ግማሹ ቅበሩት። ብርሃን አጥቶ የተመዘዘ ቲማቲም ያለው ሰው ደስ ይበለው፤ ቁመቱን ለመደበቅ ይህ ነው መላው።

ክፍተት ካለ አፈር ሙሉ። በ2 ጣት ብቻ ጫን በሉ። እንደ ምሰሶ አትጠቅጥቁ፤ የለፋንበትን አየር መልሰን እንዳናወጣው። ከዚያ ከሥር እስኪንጠባጠብ በቀስታ አጠጡ። አፈሩ ዝቅ ካለ ጨምሩበት።

ከዝውውሩ በኋላ ያለው ሳምንት

ሥራው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ሰው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ያጠጣል።

የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ቀናት ጥላ ውስጥ አስቀምጧት፤ ብርሃን ያለበት፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይመታው ቦታ። ቅጠሏ በቀትር ዘንበል ቢል አትደንግጡ። አመሻሽ ላይ ቀና ካለች ደህና ናት። ጠዋት ላይም እንደተኛች ካደረች ግን ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። እርጥብ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ አጭር ነው። የላይኛው 2 ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ በደንብ አጠጡ፤ እስኪደርቅ ድረስ አትመለሱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩም ወደ ላይ ይሰበሰባል። ትንሹን መያዣ በእጅ አንሱት። የጠጣና ያልጠጣ ሃይላንድ ክብደቱ በጣም ይለያያል። በሳምንት ውስጥ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል።

ማዳበሪያ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት አያስፈልግም። ብስባሹ ይበቃታል፤ የተጎዳው ጥቃቅን ሥርም እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል። ገበሬ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ዩሪያ ጨምርበት ማለቱ አይቀርም። የዩሪያው ፍሬ አንድ ቆንጠር እንኳ ሥሩ አጠገብ ቢወድቅ ያቃጥላል። ግድ ከሆነ ችግኟ ማደግ ከጀመረች በኋላ 1 የሻይ ማንኪያ በ10 ሊትር ውሃ ይበጥበጥ። ካበዛችሁት ቅጠል ብቻ ታገኛላችሁ፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያምር፣ ቃሪያ የሌለው።

ፀሐይን ማለማመድ

ከቤት ውስጥ ወይም ከመስኮት ሥር ያደገች ችግኝ በቀጥታ በረንዳ ላይ አትወጣም። በከፍታችን ምክንያት የፀሐዩ ጨረር ኃይለኛ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እኛ አይታወቀንም፤ ቅጠሉ ግን ያውቀዋል። በአንድ ቀን ውስጥ ነጭ ወረቀት የመሰለ ጠባሳ ያወጣል። ጠባሳው አይድንም፤ አዲስ ቅጠል እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ 1 ሰዓት ይበቃል። በየቀኑ ሰዓት እየጨመራችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ሙሉ ቀን አድርሷት። ነፋሱም ይጠቅማታል፤ ግንዷ ይወፍራል። ማታ ግን ብርዱ እስኪለቅ አስገቧት።

ወደ መጨረሻው ቤት

ሁለተኛው ዝውውር አካሄዱ ያው ነው፤ ስለዚህ አልደግመውም። ቁመቷ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆንና ጋዜጣው ሥር መረቡ ሲታይ ነው ጊዜው። 3 ነገር ብቻ ልጨምር።

ጀሪካኑን ከመሙላታችሁ በፊት ቦታው ላይ አስቀምጡት። 20 ሊትር የረጠበ አፈር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይደርሳል። እኔ ሳሎን ውስጥ ሞልቼ በረንዳ ላይ ለማውጣት ስጎትት ወለሉ ላይ የሠራሁትን መስመር ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታሳየኛለች።

ድጋፍ የሚሆነውን እንጨት በዚያው ቀን ትከሉ። በኋላ ሲተከል ሥር ይወጋል። በጨርቅ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ።

ሦስተኛው ይከብዳል። ከዝውውሩ በፊት ወይም በሳምንቱ የወጣ አበባ ካለ ቀንጥሱት። አውቃለሁ፤ 2 ወር የጠበቃችሁት አበባ ነው። ግን ገና ሥር ሳትዘረጋ ፍሬ የተሸከመች ችግኝ አጥራ ትቀራለች፤ 3 ቃሪያ ሰጥታ ታቆማለች።

ሲበላሽ

ግንዷ አፈሩ ጋ ቀጥኖ፣ ክር መስሎ ከወደቀች ሻጋታ ነው። አትድንም። ጎረቤቶቿን አራርቁ፣ ውሃ ቀንሱ፣ ነፋስ ያግኛቸው።

የታችኛዎቹ 2 የስንቅ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢረግፉ ችግር የለም፤ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ሌሎቹም ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆኑ ከመጡና አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ውሃ በዝቷል። አፈሩ በልኩ እየደረቀ ቢጫ ከሆነ ግን ርቧታል፤ ያኔ ብስባሽ ጨምሩላት።

አበባው እየወጣ ቢረግፍ ሌሊቱን ጠርጥሩ። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ቃሪያ አበባዋን ትጥላለች። ግድግዳ ጥግ፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብሎኬት አጠገብ ብታስጠጓት ሙቀቱ ማታ ይጠቅማታል።

ለጋው ቅጠል ከሥሩ ተጠቅልሎ ከተጣበቀ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይዟታል። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ላርጎ በጥብጡና አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ። ጠዋት በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ከ4 ቀን በኋላ ድገሙት። ጉንዳን ግንዷ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ክሽክሹ ሳይኖር አይቀርም፤ ጉንዳን ክሽክሹ የሚያወጣውን ማር መሰል ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው የሚጠብቀው።

ክረምቱ ሲገባ ጀሪካኑን ከጣሪያ ጠብታ ሥር አሽሹት። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ እኔ ራሴ የማጠጣው ከስንት አንዴ ነው። በረዶ ሲመጣ ደግሞ አሮጌ ጆንያ ጣል አድርጉበት፤ 5 ደቂቃ የቆየ በረዶ የ5 ወር ቅጠል ያራግፋል።

ቃሪያና ሚጥሚጣ ውርጭ ካላገኛቸው ከዓመት በላይ ይኖራሉ። ስለዚህ ምርቱ ሲቀንስ ነቅላችሁ አትጣሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ ቅርንጫፎቹን በግማሽ ቁረጡ። ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ጠርጋችሁ በአዲስ ብስባሽ ተኩ። ከአምናዎቹ 3 የእርጎ ኩባያ ችግኞች አንዷ ይህን ተደርጎላት እዚያው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ናት፤ ባለፈው ሳምንት የታችኛው ፎቅ እማማ ደግሞ ባዶ የእርጎ ኩባያ ይዘው መጡና «ከዚህች ዘር አስቀምጥልኝ» አሉኝ።